የፀጉር አስተካካዩ ቀኝ

ጥቅምት 6

እታለም፣

እንደ ወጉ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ብጀምር አልጋዬ ራሱ ይስቅብኛል። ስለዚህ ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በታች ጥገና ላይ ነኝ። አንቺስ? መርፌ ወግቶሽ ያበጠው ጣትሽ ዳነልሽ?

ለጥያቄዎችሽ በተራ ልመልስ። አዎ፣ አምፖል ልቀይር ብዬ የወጣሁት በዚያችው በምትሽከረከረው የደንበኛ ወንበር ላይ ነው። አዎ፣ እንደምትሽከረከር አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያሽከረከርኳት እኔ ነኝ። ግን ሰው ሲቀመጥባት እንጂ ሲቆምባት አይቼ አላውቅም ነበር። አምፖሉ አልተሰበረም። ይህንን ለሚጠይቅሽ ሁሉ ንገሪልኝ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ጠንከር ያለ ነው። «ትልቁን ሆስፒታል ትተህ ሰፈር ውስጥ ምን ልትሠራ ገባህ?» ነው ያልሽው። ወረቀቱ ትራሴ ሥር ስላለ ልትክጂኝ አትችይም። እቴ፣ ትልቁን ሆስፒታል እኔም አላማውም። ዳሌዬን ከፍተው፣ ብረቱን አስገብተው የዘጉት ጎበዞች ናቸው፤ ስፌታቸውን ብታዪው አንቺም እጅሽን በአፍሽ ትጭኛለሽ። ግን እዚያ ስሜ «ግራ ዳሌ» ነበር። «ግራ ዳሌ ምሳ በልቷል?» «በልቷል።» ከዚያ የቀደደኝ ሐኪም ራሱ መጥቶ፣ «እኛ አጥንቱን ጠግነናል፤ መራመዱን ግን ቤትዎ አጠገብ ቢማሩት ይሻላል፤ የሰፈርዎ ሆስፒታል ለዚሁ የሚሆን ክፍል አለው» አለኝ። እኔም ወንድ ልጅ አይደለሁ፣ ሳላንገራግር በአምቡላንስ መጣሁ።

በር ላይ ያለው ጥበቃ ገና ሲያየኝ ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ከተኙ የኔን ፀጉር ማን ሊቆርጠው ነው?» አለኝ። እንኳን ደህና መጡ ቢለኝ እንዲህ ደስ አይለኝም ነበር።

ክፍላችን ሁለት አልጋ ነው ያለው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ነው፤ ጉልበቱን ተቀዷል። ፊሽካውን ይዞ ነው የገባው፤ ነርሷ ሾርባ ስታዘገይ ይነፋል። ፊዚዮቴራፒስቷን ደግሞ ሁላችንም «ሻለቃ» ነው የምንላት። ቁመቷ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ድምፅዋ ግን ሰልፈኛ ያስቆማል። «ቀኝ! ግራ! ቀና! ቀጥ!» እያለች ነው ውላ የምትገባው።

ከሁሉ የሚበልጠው መስኮቱ ነው። አልጋዬ ላይ ቀና ስል መንገዱን አያለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ሱቄ አለች፣ ቁልፏ ተንጠልጥሎ። ገና የገባሁ ዕለት ለሻለቃ ነግሬያታለሁ፦ ከዚህ የምወጣው ወደዚያች በር ነው፣ በገዛ እግሬ፣ ከወንበሬ ኋላ ቆሜ ልሠራ። እሷም «እናያለና» አለች።

ስለ መቆም ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

ወንድም ጋሼ፣

ጣቴ ድኗል። አንተን ግን በደንብ አነበብኩህ። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ጥበቃው፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ መስኮቱ ታወራልኛለህ፤ «መቆም» ላይ ስትደርስ «ሌላ ጊዜ» ብለህ እብስ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ረሳኸው? የተጣፈ ቦታ ከሩቅ ነው የሚታየኝ። ቆመሃል ወይስ አልቆምክም?

ስልክ ደውዪ እንዳትለኝ። በስልክ ስናወራ ሁለታችንም እንናገራለን እንጂ ማን ይሰማል? ባለፈው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አውርተን ስዘጋው፣ የትኛው ዳሌህ እንደተሰበረ እንኳ አላወቅኩም ነበር። ወረቀት ይሻለናል፤ ወረቀት ላይ አቋርጠኸኝ አታውቅም።

አሁን እኔ ደግሞ ልናገር፣ አትቆጣ። የልጄን ክፍል አጽድቼ አልጋ አንጥፌበታለሁ። እሷ ካገባች ወዲህ ክፍሉ ቁራጭ ጨርቅ ማከማቻ ሆኖ ነበር፤ አሁን መስኮቱ ሁሉ ታጥቧል። አዲስ መጋረጃ ሰፍቼለታለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ ይህ ቤት ወንድ ሲያስነጥስ አልሰማም። መጥተህ እኔ ጋ ተቀመጥ። የሠራኸው ይበቃሃል፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከነአባቱ ላጭተኸዋል። በዚያ ላይ መኖሪያህ ያው ከሱቁ ኋላ ያለችው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ማታ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል፣ ወንበርህ?

የሰፈር ሆስፒታሉን ነገርም ገና አላመንኩበትም። ደግ ሰዎች ይሆናሉ፣ አልካድኩም። ግን ደግነት ዳሌ ያቆማል?

እህትህ


ጥቅምት 24

እታለም፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። አልቆምኩም።

ማለቴ እነሳለሁ፤ እንደተነሳሁ ደግሞ እቀመጣለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አራት እግር ባለው የብረት መደገፊያ ውስጥ ያስገቡኛል። ፊት ለፊቴ ከወለል እስከ ጣራ መስታወት አለ፤ ሻለቃ ከመስታወቱ አጠገብ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ትቆማለች። «ቀኝ ላይ ይደገፉ!» ትለኛለች። ቀኝ ማለት ጤነኛው እግሬ መሆኑን አውቃለሁ፤ ተቀምጬ ብትጠይቀኝ አልስትም። ግን «ቀኝ!» ብላ ስትጮህ ሰውነቴ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ይታዘዝና የተቀደደው ላይ ይሄዳል። ከዚያ ሰማይና ምድር ይገናኙብኛል፣ ቁጭ እላለሁ። ከዘራ ስትሰጠኝም በተሳሳተው እጄ እይዘዋለሁ። ዳኛው ከጎን ሆኖ ፊሽካውን ይነፋና «ከጨዋታ ውጪ!» ይለኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ዳኛው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። እንቁላሉ ዳሌው ተሰብሮ አያውቅም አልኩት።

ሌላ ሌላው ግን ሸጋ ነው። እዚህ ትንሽዬ የመለማመጃ ወጥ ቤት አለች፤ ተደግፌ ሻይ አፈላሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ስኳሩን ሆን ብለው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል፣ እንድንጠራራ። ሻለቃ ደግሞ ሱቄ ድረስ ሄዳ የክፍሌን መታጠቢያ ቤት አይታ መጣች፤ የት ላይ የእጅ መያዣ ብረት እንደሚተከል በጠመኔ ምልክት አድርጋለች። ከትልቁ ሆስፒታል ሐኪም ጋር በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ ስለ እኔ ሲያወሩ ሰምቼ ስሜ ከ«ግራ ዳሌ» ወደ «ፀጉር አስተካካዩ» መሻሻሉን አረጋግጫለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ደንበኞቼ ከሥራ ሲመለሱ ብቅ ይላሉ። ሁሉም ፀጉራቸው አድጎ ጫካ መስለዋል፤ ሌላ ሰው ጋ አንሄድም ብለው ነው። ይህን እያየሁ እንዴት ብዬ ነው አንቺ ዘንድ መጥቼ መጋረጃ የምቆጥረው?

መጋረጃው ግን ምን ዓይነት ቀለም ነው?

ኅዳር ሲያልቅ ሻለቃና ሐኪሞቹ ስለ እኔ ስብሰባ አላቸው። ያኔ መቆም ከቻልኩ ወደ ሱቄ፤ ካልቻልኩ ደግሞ ሰው ወዳለበት ቤት፣ ማለትም ወደ አንቺ። ፈርቻለሁ፣ እታለም። ለሌላ ሰው አልተናገርኩትም፤ ለዳኛውም ጭምር።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አየሩም ደህና ነው። መጋረጃው ሰማያዊ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስታነብ አትጨነቅ፣ ቀስ ብለህ አንብበው። እስኪ ለመዝናናት ያህል እነዚህን መልስልኝ። አባታችን ሥራው ምን ነበር? የእኔ ልጅ ስሟ በማን ነው የወጣው? አሁን ያለንበት ወር የትኛው ነው? ቸኩለህ አትመልስ። ካላስታወስክም ምንም አይደል፣ ሰው ይረሳል።

ከሆስፒታሉ ደውለውልኝ ነበር። ምን እንዳሉኝ አሁን አልነግርህም። ምግብ በደንብ ብላ፤ ውሃም ጠጣ። ብዙ አታስብ። ሁሉንም ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ።

የምትወድህ እህትህ


ኅዳር 9

አንቺ ሴት!

«የምትወድህ»? አንቺ? ከልጅነታችን ጀምሮ ደብዳቤ ስትጽፊልኝ እንዲህ ብለሽ ፈርመሽ የምታውቂው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ብስክሌቴን የሰበርሽ ጊዜ። ምን ሰበርሽ?

መልስ ከፈለግሽ እነሆ። አባታችን ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ደንበኛ ሲተኛበት ማንቃት ይፈራ ስለነበር አንድ ሰውዬ ወንበሩ ላይ አምሽቶ ሚስቱ ፖሊስ ጠርታለች። ልጅሽ ስሟን ያገኘችው በእናታችን ነው፤ አንቺ ግን በአማትሽ ስም ነው ብለሽ አማትሽን ስታስደስቺ ነው የኖርሽው፣ ምስጢርሽን እስካሁን ጠብቄያለሁ። ወሩ ኅዳር ነው። ይበቃል ወይስ የማባዛት ሰንጠረዥ ልደርድርልሽ? ዳኛው ደብዳቤሽን አንብቦ «ይህቺ ሴት ጭንቅላትህን ነው የምትለካው» አለኝ። ቢጫ ካርድ ሰጥቶሻል።

አሁን የኔን ጥያቄ መልሺ። ማክሰኞ ጠዋት በመስኮት ስመለከት አንድ ሰው የሱቄን በር በሜትር ይለካል። ወርዱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ፣ አጠገቡ አከራዩ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሰውየው የኔን ምልክት፣ ያችን የመቀስና የማበጠሪያ ሥዕል፣ በጣቱ መታ መታ አደረጋት። መስኮቱ አይከፈትም። ጮህኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ዳኛው ፊሽካ ነፋልኝ፣ ለምን ይጠቅማል?

አከራዩ ደፍሮ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ሲያዘው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ምን ብለውሽ ነው? አንቺስ ምን አልሽው?

ወንድምሽ


ኅዳር 15

ወንድም ጋሼ፣

ይቅርታ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ላይ ልጻፈውና ልረፍ። ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻለቃህ ደወለችልኝ። እኔ ጋ ብትመጣ ቤቴ ደረጃ አለው ወይ፣ ሰው አብሮህ ያድራል ወይ እያለች ጠየቀችኝ። ከዚያ «ወንድምዎ ጠንካራ ናቸው፤ ግን ግራ ይጋባሉ» አለችኝ። እኔ ምን ልስማ? «ግራ ይጋባሉ!» የአማቴ ወንድም እንደዚሁ ግራ ይጋባል ተብሎ ተጀምሮ መጨረሻ ላይ ሚስቱን «እርስዎ ማን ነዎት?» ብሏታል። አንተም ስትወድቅ ጭንቅላትህን ተመተህ ነው፣ አእምሮህ ሊሄድ ነው ብዬ አሰብኩ። ተጨማሪ ሳልጠይቃት እያለቀስኩ ዘጋሁባት። ያን ዕለት ወዲያውኑ አከራዩ ጋ ደወልኩ። ወንድሜ ከእንግዲህ አይሠራም፣ ሱቁን ለሌላ ሰው ማከራየት ትችላለህ አልኩት። እንዲህ ነው የሆነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል ሰምተሃል፤ እኔ ጨርቅ ሳልቀድ ኖሬ አንተን ቀደድኩህ።

ደብዳቤህ ደርሶኝ፣ አማቴን እንዴት እንዳታለልኳት ሳነብ አእምሮህ ቦታው ላይ መሆኑን አወቅኩ። እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ ቦታው ላይ ነው። ታዲያ «ግራ ይጋባሉ» ማለት ምን ማለት ነው እያልኩ ዋልኩ።

ትናንት አንዲት ሙሽራ ለልክ መጥታ ነበር። ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ፣ አፌ በስፒል ተሞልቶ፣ «ቀኝ እጅሽን አንሺ» አልኳት። አነሳች። እኔ ሳላስብ የዘረጋሁት የራሴን ግራ እጅ ነው፣ የሷ ቀኝ እዚያ ነዋ! ወንድም ጋሼ፣ እዚያው ጮህኩ። ስፒሉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሙሽራዋም የወጋኋት መስሏት ጮኸች።

ገባህ? ለእኔና ለአንተ «ቀኝ» ማለት የራሳችን ቀኝ ሆኖ አያውቅም፤ ፊታችን ያለው ሰው ቀኝ ነው። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ፊት ለፊት ቆመህ ጢም ስትላጭ «ወደ ቀኝ ዘንበል በል» ትላለህ፣ እጅህ ደግሞ ወደ ግራህ ይሄዳል። ሻለቃ ፊትህ ቆማ «ቀኝ!» ስትል ሰውነትህ የሷን ቀኝ ነው የሚፈልገው። መስታወቱ ውስጥ ያለውም ሽማግሌ እንደዚያው። ሻለቃ እውነቷን ነው፤ ግራ ነው የገባህ፣ ያውም የእግር ግራ!

ይህ ነገር ደግሞ አዲስ አይደለም። ግራና ቀኝ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? በርጩማ ላይ አስቀምጠኸኝ፣ ፊቴ ቁጢጥ ብለህ፣ «ቀኙ ይኸኛው ነው» እያልክ የራስህን ቀኝ እግር ታሳየኝ ነበር፤ እኔም ትይዩ ያለውን የራሴን ግራ ቀኝ ነው ብዬ ያዝኩ። ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ቀን ጫማዬን አገላብጬ አድርጌ ሄድኩ። አስተማሪዋ ስትጠይቀኝ «ወንድሜ ነው ያለኝ» ብዬ አልቅሼ አላወልቅም አልኩ።

አሁን የምልህን አድርግ። መስታወቱን በአንሶላ ይሸፍኑት። ሻለቃ ከፊትህ ትነሳና ከኋላህ ትቁም፣ አንተ ከደንበኛ ኋላ እንደምትቆመው። ይህን ወረቀት አሳያት።

አከራዩን መልሼ ደውዬለታለሁ። ሰውየው ጫማ ሻጭ ነው፤ ቃል ገብቼለታለሁ አለኝ። ለምኜ ለምኜ፣ ኅዳር እስኪያልቅ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ካየሁት ሌላ ነገር አልሰማም፤ ካላየሁት ግን ቃሌ ቃል ነው ብሏል። ያስገባሁህ እኔ ነኝ፤ ማውጣት ግን አልቻልኩም። የምትወጣው አንተ ነህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስታነበው አትሳቅብኝ። አልጋውን ያነጠፍኩት ለአንተ ብዬ ብቻ አይደለም። ማታ ማታ የስፌት መኪናውን ሳቆመው ቤቱ ጭር ይላል። ጭርታውን አልወደውም።

እህትህ


ኅዳር 27

እታለም፣

ሳልመልስልሽ በመቆየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። «ሥራ» ያልኩትን ልብ በይ።

ደብዳቤሽን ለሻለቃ ሰጠኋት። መጀመሪያ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ፣ መጨረሻ ላይ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው! ጫማሽ ጋ ስትደርስማ ዳኛውም ነርሷም ተሰብስበው እንደገና ጮክ ብላ አነበበችላቸው። አሁን ሆስፒታሉ ውስጥ የማያውቅሽ የለም። ምግብ አብሳዩ ሳይቀር «የጫማዋ እህትዎ ደህና ናት?» ይለኛል።

ሻለቃ አንሶላውን በመስታወቱ ላይ ስትሰቅል «እኔ እኮ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቦታ ነው የምቆመው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቤተሰብ ካልነገረኝ ከየት አመጣዋለሁ?» አለች። ሥራ መልቀቂያ የምታስገባ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ወዲያው ከኋላዬ መጥታ ወገቤን ያዘችኝ። ያንን ሰልፈኛ የሚያስቆም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በጆሮዬ «ቀኝ» አለች።

እታለም፣ ሄደልኝ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ራሴ ቀኝ። ምንም አልሆንኩም። ግራውን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ከፊቴ ነጭ አንሶላ ብቻ ነው ያለው። ከኋላ የሚያዘኝ ሰው ሲኖር፣ ደንበኛ መሆን እንዲህ ነው ለካ፤ ሰው ለምን ወንበሬ ላይ እንደሚተኛ አሁን ገባኝ። ዳኛው ረጅም ፊሽካ ነፋ። ጎል ነው አለ።

በማግሥቱ ሻለቃ ተራ ወንበር አምጥታ ዳኛውን አስቀመጠችውና ምላጭና አረፋ ሰጠችኝ። ጢሙ መጥረጊያ ሆኖ ነበር። ከኋላው ቆሜ ጀመርኩ፤ አገጩ ጋ ስደርስ ወደ ፊቱ ዞርኩ፣ ወንበሩን በአንድ እጄ ይዤ። ስጨርስ ሻለቃ «መቀመጥዎን ረስተዋል» አለችኝ። እውነትም ረስቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ሱቅ ሆኗል። ሻለቃ እንደ ልምምድ ነው የምትቆጥርልኝ፤ እኔ ደግሞ እንደ ሥራ። ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ምላጭ ይዤ በኮሪደር ብታይ ምን ይሉኝ ነበር? እነሱም አይፈረድባቸውም፤ እዚያ ያለው ሰው ነገ ይሄዳል፣ ሌላ ይተካል። እዚህ ግን የላጨኋቸውን ሰዎች ነገም መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ።

ስለ ሱቁ ልትጠይቂኝ ነው፣ አውቃለሁ። ትናንት ነበር። ልምምዱ መንገድ መሻገር ስለሆነ ሻለቃ ከኋላዬ፣ እኔ በከዘራ፣ ቀኝ እጄ ላይ በትክክል ይዤ፣ ዳኛውም በክራንች ሆኖ መኪናዎቹን በፊሽካ እያስቆመ ተሻገርን። ሹፌሮቹ ለምን እንደታዘዙት አላውቅም። ሱቁ ውስጥ አቧራ፤ አምፖሉ ግን ሲጫኑት በራ። አከራዩን ጥበቃው ጠርቶት መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ እግሬን አየ፣ ከዘራውን አየ። እኔ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አንጠልጥዬ ከወንበሬ ኋላ ቆምኩ፤ ፎጣዬን አራገፍኩ። ሰውየው መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና አንገቱን ዘንበል አደረገልኝ።

ጫማ ሻጩ ጥግ ላይ ያለውን ባዶ ሱቅ ወስዷል። ጫማ ስትገዢ ግራና ቀኙን እዚያው ለኪው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 5

ወንድም ጋሼ፣

እልል ብያለሁ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ። ጎረቤቴ ልጄ የወለደች መስሏት መጣች።

የሰፈር ሆስፒታልህን በተመለከተ ያልኩትን ሁሉ መልሼ ውጫለሁ። ለሻለቃ ቀሚስ ልሰፋላት እፈልጋለሁ፤ ልኳን ላክልኝ፣ ግን ሌላ ሰው ይለካት፤ አንተ ግራ እጅጌዋን ከቀኙ ታቀያይርብኛለህ። ለዳኛው ደግሞ የፊሽካ ማንጠልጠያ ገመድ ጠልፌለታለሁ። ቢጫ ካርዱን ይሰርዝልኝ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። አልጋውን ላነሳው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የመቁረጫ ጠረጴዛ ባስገባ ይሻላል። ሰማያዊውን መጋረጃ ግን ከፈለግክ ለክፍልህ ልልክልህ እችላለሁ።

ደስ ብሎኛል። እንዲህ አጥሮ የመጣው ደብዳቤዬ ሥራ ስላለብኝ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 16

እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሱቄ፣ በዚያችው በምትሽከረከረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ተቀምጬ! ሻለቃ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ የተተከለውን መያዣ በሁለት እጇ ተንጠልጥላበት ፈትሻ፣ ይበቃል ብላ ትታኝ ሄዳለች። ሐሙስ ሐሙስ መንገዱን ተሻግሬ ልምምድ እሄዳለሁ። ዳኛውም ቤቱ ገብቷል፤ የሰፈሩን ልጆች ጨዋታ ተቀምጦ እየዳኘ ያውካቸዋል። የኔ አልጋ ላይ አሁን አንዲት እናት ተኝተዋል። ጠዋት ጠዋት በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡልኛል፣ እኔም መቀሴን አውለበልብላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ጥፍንግ አድርገሽ የሰፋሽውን ነገር እኔም ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው እንዴ ስፌት የሚያየው? «ሥራ ስላለብኝ ነው» ብለሽ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው የፊሽካ ገመድ ይጠልፋል? ስለ ጭርታው የጻፍሽልኝን ቦታ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አልሳቅሁም። እኔም ስተኛ የማወራው ለዳኛው ነበር፤ አሁን ለማበጠሪያዬ ነው የማወራው። «አንቺ ብቻ አይደለሽም» ያላልኩሽ፣ እኔ ወንድምሽ ነኝና ይህን ለማለት አፌ ስለሚከብደኝ ነው።

ስለዚህ አልጋውን አታንሺው። መጋረጃውንም አትላኪው። ሻለቃን ጠይቄያታለሁ፤ በየመሐሉ ወርጄ ከተንቀሳቀስኩ በአውቶቡስ መሄድ እችላለሁ ብላለች። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ። ተሸክመሽ የምታስገቢኝ ዕቃ ሆኜ አይደለም፣ በእግሬ የምገባ እንግዳ ሆኜ ነው። የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሴን እይዛለሁ፤ የሰፈርሽን ወንዶች አስተካክላለሁ፣ ቤትሽ እስኪያስጠላሽ ድረስ ወንድ ያስነጥስበታል። ስጠግብሽ እመለሳለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አንቺ ትመጫለሽ፤ የስፌት መኪናሽ የምትቀመጥበትን ጥግ ለክቼልሻለሁ፣ በራሴ ሜትር።

ልትቀበይኝ ስትመጪ ሰው ይበዛልና እንዳንተላለፍ። አውቶቡሱ ሲቆም ከሁለቱ በሮቹ ፊት ለፊት ቁሚ። እኔ በቀኝ በኩል ባለው በር ነው የምወርደው። ያንቺን ቀኝ ነው ያልኩት።

ወንድምሽ